በስምሽ የሞላሁት ፎርም

ውድ ልጄ፣

ይህን ደብዳቤ የምትሰጥሽ እናትሽ ናት። «ማንበብ ካልፈለገች አትለማመጫት፤ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጪላትና ነይ» ብያታለሁ። በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኬን ስለማታነሺው ብቻ እንዳይመስልሽ። ብታነሺውም ገና ሁለተኛው ደቂቃ ላይ «በልተሻል? በሩን ቆልፈሻል?» ማለት እንደምጀምር አንቺም እኔም እናውቃለን። ወረቀት ላይ መሰረዝ ይቻላል። እስካሁን ሦስት ቦታ ሰርዣለሁ፤ ምን ብዬ እንደነበር መገመት አያቅትሽም።

የምነግርሽን ነገር መጀመሪያ በተራ ቁጥር ነበር የጻፍኩት። አስራ አራት ቁጥር ሆነ፤ ስድስተኛው ደግሞ ሀ፣ ለ፣ ሐ ነበረው። እናትሽ በትከሻዬ በኩል አየችና «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ደብዳቤ ነው ወይስ የዕቃ ርክክብ?» አለችኝ። ቀደድኩት። ስለዚህ እንደመጣልኝ እጽፋለሁ፤ ቢዘበራረቅ ቻይኝ።

ጥፋቴን ላስቀድም። የማታውቂው አንድ ጥፋት አለብኝ፤ አንቺን ሆኜ ፎርም ሞልቻለሁ። ፈርሜበታለሁም። ይሄ እንዴት እንደመጣ ለመንገር ግን ከምታውቂው ጥፋቴ መጀመር አለብኝ።

አምስት ወር አለፈው። ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ሆነሽ አድረሽ፣ ጠዋት ገብተሽ ተኝተሻል። እኔ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ደወልኩ። አስራ ዘጠኝ ጊዜ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ከሥራ ወጥቼ ቤትሽ መጣሁ። ቁልፍ ነበረኝ፤ ቤቱን የተከራየሽ ሰሞን የበሩን ማጠፊያ ላስተካክልልሽ ብዬ ቁልፍሽን የወሰድኩ ዕለት አስቀርጬው ነበር። ሳልነግርሽ።

ገባሁ። ተኝተሻል። ትንቀሳቀሳለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አልተንቀሳቀስሽም። ጎንበስ ብዬ ትንፋሽሽን ሳዳምጥ ዓይንሽን ገለጥሽ። ያ ጩኸትሽ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ክፉ ሰው እንዳይደርስብሽ ስሮጥ ኖሬ፣ ቤትሽ ገብቶ ያስጮኸሽ የመጀመሪያው ሰው እኔ ሆንኩ።

«የሞትሽ መስሎኝ ነው» አልኩሽ። ብርድ ልብሱን እስከ አንገትሽ ስበሽ «አባዬ፣ ውጣ» አልሽኝ። በሩ ጋ ስደርስ ደግሞ ምን አልኩ? «ይሄ በር ከውስጥ መቀርቀሪያ ያስፈልገዋል።» ሳቅሽ ይሁን አለቀስሽ እስካሁን አላውቅም። ከዚያ ነው እንዲህ ያልሽኝ፦

«ምን እንደሆንክ አውቀህ ና። እስከዚያ አትምጣ።»

በማግስቱ የበሩን ቁልፍ እንዳስቀየርሽ ሰማሁ። ደግ አደረግሽ።

እኔ እንደምታውቂኝ ነኝ፤ ትእዛዝ ሲሰጠኝ ወረቀት አወጣለሁ። «ምን እንደሆንኩ ማወቅ» ብዬ ከላይ ጻፍኩ፤ ከሥሩ ቁጥር አንድ አልኩና ቆምኩ። ሦስት ሳምንት ቁጥር አንድ ላይ ቆምኩ። ሰው ሊፍት ውስጥ ሲቀር ከየት እንደምጀምር አውቃለሁ፤ ኃይሉን አጠፋለሁ፣ ፎቁን አያለሁ፣ ውስጥ ያለውን ሰው በስሙ እየጠራሁ አረጋጋለሁ። ራሴ ውስጥ ስቀር ግን ከየት ይጀመራል?

የሚደወልበትን ስልክ ቁጥር ያመጣችልኝ እናትሽ ናት። «አዋቂ ሰው ራሱን ማወቅ ሲፈልግ የሚመረመርበት ቦታ አለ። የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። እኔ ደውዬ ቀጠሮ አልይዝልህም፤ አንተው ደውል» አለችኝ። ለብሎን ነገርኩት። ብሎን አጭሩ፣ አስራ አንድ ዓመት አብሮኝ ሊፍት የሚጠግነው። ጣራ ላይ፣ የሊፍቱ ሞተር ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ነው።

«አንተ? ምርመራ?» አለኝ።

«የሥነ ልቦና ነው። ፈተና አለው አሉ።»

«ብትወድቅስ? ክፍል ትደግማለህ?»

«አትቀልድ።»

«አልቀለድኩም። ሂድ ወንድሜ። አንድ ፍሬን አራት ጊዜ ስታይ እኮ እኔ ምሳዬን በሰዓቱ የበላሁበት ቀን የለም።»

ሄድኩ። ቢሮዋ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሊፍቱን አየሁት፤ መጨረሻ የተመረመረበት ቀን አልተለጠፈበትም። በደረጃ ወጣሁ። አንድ ሰዓት ቀድሜ ስለደረስኩ ኮሪደሩ ላይ የተቀረጹ እርሳሶቼን ይዤ ቁጭ አልኩ። አራት እርሳስ።

ባለሙያዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የምትሰቅል፣ በዕድሜ ካንቺ ብዙም የማትበልጥ ሴት ናት።

«ምን ፈልገው መጡ?» አለችኝ።

«ልጄ ልካኝ ነው።»

«ልጅዎ የምትፈልገውን እሷን ነው የምጠይቃት። እርስዎስ? ስለራስዎ ምን ማወቅ ይፈልጋሉ?»

ከየት እንደመጣ እንጃ፣ «ሰው ሲያረፍድብኝ ወዲያው ለምን እንደምቀብረው» አልኳት። መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ጻፈችው።

የመጀመሪያው ቀን ቀለል ያለ ነበር። ቁጥር ትጠራለች፣ ወደ ኋላ እደግማለሁ። ባለቀለም እንጨት ትሰጠኛለች፣ በሥዕሉ መሠረት እገጣጥማለሁ፣ እሷ ሰዓት ትይዛለች። አንዱን ገጥሜ ስጨርስ እንደገና ከጥግ ጀምሬ አረጋገጥኩ። «ልክ ነው፤ ግን ሰዓቱ አለፈ» አለችኝ። የሚቀጥለውም ልክ ነበር፤ ሰዓቱ አለፈ። የሚቀጥለውም።

በሁለተኛው ቀጠሮ ሁለት መቶ አስር ጥያቄ ያለው ፎርም ሰጠችኝ። በጭራሽ፣ አልፎ አልፎ፣ ብዙ ጊዜ፣ ሁልጊዜ ይላል፤ አንዱ ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ፎርም ካየሁ ደግሞ እጄ ሥራውን ያውቃል። እኛ ጋ አንድ ፎርም ላይ «ችግር አለ» የሚል ምልክት ከተደረገ ሊፍቱ ይቆማል፤ ሰው በደረጃ ይወጣል፣ አለቃ ይደውላል። ስለዚህ መጀመሪያ ችግሩን እናስተካክልና ከዚያ «ደህና ነው» ላይ ምልክት እናደርጋለን። «ያለ በቂ ምክንያት ይጨነቃሉ?» ሲለኝ፣ በልቤ «ይሄን አስተካክለዋለሁ» እልና «በጭራሽ» ላይ አደርጋለሁ። «ቤተሰብዎን ያለፈቃዳቸው ይከታተላሉ?» በጭራሽ፤ ከዛሬ ጀምሮ ማለቴ ነው። ሁለት መቶ አስሩንም ደህና ነው ብዬ አስረከብኩ።

ስወጣ ሌላ ፎርም ሰጠችኝ፤ ሠላሳ ስድስት ጥያቄ ያለው። «ይሄን በቅርብ የሚያውቅዎት ሰው ይሙላው። እርስዎ አይዩት። ማን ይሞላልዎታል?»

«ልጄ» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ።

«ትነጋገራላችሁ?»

«አዎ።» ዋሸሁ።

አራት ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ሁለት ጊዜ እስከ መንገድሽ ጥግ መጥቼ ተመለስኩ። በአምስተኛው ቀን፣ ብሎን ምሳ ሲወርድ፣ ሞተሩ ክፍል ውስጥ የመሣሪያ ሳጥኔ ላይ ዘረጋሁት።

እኛ ሥራ ላይ አንድ መጥፎ ልማድ ነበረን። የምርመራ ወረቀቱ ሁለት ፊርማ ይፈልጋል፤ የመረመረው ይፈርማል፣ ያረጋገጠው ይፈርማል። ብሎን ጣራ መውጣት ሲሰለቸው እኔ ከስሙ ፊት «ስለ» ብዬ እፈርምለታለሁ። እኔ ሳልኖር እሱ ይፈርምልኛል። ዓመታት እንደዚያ ኖርን። ስለዚህ ፎርምሽን ስዘረጋ ማጭበርበር አልመሰለኝም፤ ላልመጣ ባልደረባ እንደመፈረም ነበር የታየኝ። ቢያንስ «ስለ» ብል ምን ነበር! እሱንም አላልኩ። ስምሽን ጽፌ ፈረምኩ።

አንቺ ምን ብለሽ እንደምትመልሺ ማሰብ እንኳን አላስፈለገኝም። ድምፅሽ መጣልኝ። «ስለ ሌሎች ደህንነት ከልክ በላይ ይጨነቃል?» ሁልጊዜ። «የሌሎችን ገደብ ያከብራል?» በጭራሽ። «አብሮት መኖር ያደክማል?» ሁልጊዜ። «ጥፋቱን ያምናል?» እዚህ ላይ እስክሪብቶው ቆመ። ብታዝኚልኝ «አልፎ አልፎ» ትይ ነበር ብዬ፣ «አልፎ አልፎ» አልኩ። ለራሴ ያደላሁት እሷን ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀጠሮ ባለሙያዋ ሁለቱን ፎርም ጎን ለጎን አስቀምጣ ጠበቀችኝ።

«ልጅዎ ሥራዋ ምን ነበር ያሉኝ?»

«ላቦራቶሪ ነው የምትሠራው።»

«ሊፍት አትጠግንም?»

«ኧረ በጭራሽ!»

ጣቷን ወረቀቱ ላይ አደረገች። እኔ ምልክት ሳደርግ፣ ደግሜ አይቼ ሳረጋግጥ ደግሞ ከሥሩ አጭር መስመር እጨምራለሁ፤ የሥራ ልማድ ነው። በስሜ ባስረከብኩት ላይ እንዳለው ሁሉ፣ ያንቺ የተባለው ፎርም ላይም ሠላሳ ስድስቱም ምልክት ከሥሩ መስመር አለው።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አውቃለሁ። ይሄን ልጠቀምበት አልችልም። ያኛውንም እንደዚሁ፤ አንድም ጉድለት የሌለበት ሰው ነው የሚያሳየኝ። ሁለቱም ውድቅ ናቸው።»

ብሎን ያለው ደረሰብኝ። ክፍል ደገምኩ።

«ሁለቱን ከመጣሌ በፊት ግን አንድ ነገር ይዩልኝ» አለችና ሁለቱም ላይ ያለውን አንድ ጥያቄ አነበበችልኝ። ቤተሰቡን ያለፈቃዳቸው ይከታተላል? እዚህ በጭራሽ፤ እዚያ ሁልጊዜ። «ሁለቱንም የሞላው አንድ እጅ ነው። እውነቱ የትኛው ነው?»

«የልጄ!» አልኩ፣ ሳላስብ።

«ልጅዎ እኮ እዚህ የለችም» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

ልጄ፣ ያኔ ነው የገባኝ። ምን እንደሆንኩ ለማወቅ ሦስት ሳምንት ባዶ ወረቀት ላይ ያፈጠጥኩት ሰውዬ፣ ለካ ያውቀው ኖሯል። በራሴ አፍ ማለት ቢያቅተኝ ባንቺ አፍ አልኩት። ቁልፍሽን አስቀርጬ ቤትሽ ገባሁ፤ አሁን ደግሞ ድምፅሽን አስቀርጬ ገባሁ። ይቅር በይኝ። ሁለቱን ለየብቻ ነው የምጠይቅሽ፤ አንዱን ይቅር ብለሽ ሌላውን ብታቆዪው ቅር አይለኝም።

እንደገና ሞላሁት። ሙሉ ጠዋት ፈጀ። እጄ ወደ «በጭራሽ» ሲሮጥ እስክሪብቶውን አስቀምጬ ውሃ እጠጣለሁ፣ ከዚያ መልሼ አነሳለሁ። አንድ ጆግ ውሃ ጨረስኩባት። ሌላ ሰው የሚሞላውን ደግሞ አዲስ ሰጠችኝና አንቺ ጋ ልልከው አሰብኩ። ወዲያው «ይሄም እኮ መግቢያ መፈለግ ነው» አልኩና ተውኩት። እናትሽ ሞላችው። ቦታው አልበቃት ብሎ በጀርባው ቀጠለች። ባለሙያዋ ስታነብ ሁለት ጊዜ አፏን በእጇ ስትሸፍን አይቻለሁ፤ ምን እንደተጻፈ ግን አልጠየቅኩም። ይሄ ለኔ ቀላል እንዳልሆነ ታውቂያለሽ።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስኩ።

«ጭንቀቱ መቼ ጀመረዎት?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። አንቺ የአንድ ዓመት ልጅ ሳለሽ ትኩሳት አንዘፈዘፈሽ፤ እኔ የሰው ሕንፃ ጣራ ላይ ነበርኩ፤ እናትሽ ብቻዋን ታቅፋሽ ሮጠች። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ! ስታመሺ፣ ጉዞ ስትወጪ፣ ስልክ ሳታነሺ ስትቀሪ፣ «አንቺ ነሽ እንዲህ ያደረግሽኝ» እያልኩ። ለኔ ቀልድ ነበር። አንቺ ግን ሰባት ዓመት ሲሆንሽ፣ ጉንፋን ይዞሽ ተኝተሽ፣ «አባዬ፣ ሁለተኛ አልታመምም» ብለሽኝ ነበር። እሷን ለባለሙያዋ ስነግራት ነው ቀልድ እንዳልነበር የሰማሁት።

ሁሉንም ጽፋ ስታበቃ «ከዚያ በፊትስ?» አለች።

«ከዚያ በፊት ደህና ነበርኩ።»

«ልጅ ሆነው የሚያውቅዎት ሰው አለ?»

«ታላቅ እህት አለችኝ።»

«ይጠይቋትና ይምጡ።»

ለአክስትሽ ደወልኩ። «እትዬ፣ ልጅ ሳለሁ እጨነቅ ነበር እንዴ?» ብላት መናገር እስኪያቅታት ሳቀች።

«አንተ? ዘጠነኛ ክፍል ሆነህ ‹ዘበኛው› እያልን አልነበር የምንጠራህ! በሩን ሦስቴ ሳትነካ መች ትተኛ ነበር?»

«እኔ?»

«እኔ ከትምህርት ቤት ሳረፍድ መንገድ ዳር ቆመህ ስታለቅስ ነበር የማገኝህ። ጓደኞቼ ፊት። እንዴት አድርገህ ታዋርደኝ እንደነበር!» ከዚያ ሳቋን አቆመችና «ምነው ወንድሜ፣ ደህና አይደለህም እንዴ?» አለችኝ።

ረስቼው ነበር። ወይ መርሳት በጅቶኝ ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አንቺ የለሽም። እናትሽንም ገና አላውቃትም። ይሄ ነገር በዕድሜ ይበልጥሻል፤ አንቺ ስትመጪ ቤት ሠርቶ ነበር የጠበቀሽ። እኔ ግን ያንቺን ትኩሳት እያነሳሁ ሃያ አምስት ዓመት አሸከምኩሽ። ከዚህ ደብዳቤ አንድ መስመር ብቻ የምታነቢ ከሆነ ይቺን አንብቢ፦ አንቺ ምንም አላደረግሽኝም። ታመሽ ዳንሽ፤ በቃ።

ውጤቱ ስድስት ገጽ ነው። ባለሙያዋ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ አስረዳችኝ። እብድ አይደለሁም፤ ይሄን የምነግርሽ ብሎን ሁለት ጊዜ ስለጠየቀኝ ነው። ከልክ ያለፈ ጭንቀትና ደጋግሞ የማረጋገጥ ችግር አለብኝ። በልምምድ ይቀንሳል እንጂ ቁልፍ ተጭኖ አይጠፋም አለችኝ። የማስታወስ ችሎታዬ ከዕድሜ እኩዮቼ ይበልጣል ይላል፤ ለብሎን አነበብኩለት። «ታዲያ ካቻቢቴዬን መመለስ ለምን ረሳህ?» አለኝ። ፊርማ መለዋወጡን ትተናል። አሁን ራሱ ጣራ ይወጣል፣ እያለከለከ ይሰድበኛል።

ማክሰኞ ማክሰኞ ባለሙያዋ ጋ እየሄድኩ ነው። ዘጠኝ ሳምንት ሆነኝ። የመጀመሪያው ልምምድ ምድጃውን አንዴ አይቶ መውጣት ነበር። አንዴ ብቻ። ደረጃው ሥር ደርሼ እግሬ ወደ ላይ ሲጎትተኝ የአጥሩን ብረት ይዤ ቆምኩ። ጎረቤታችን ጡረተኛው አይቶኝ «ወገብህን ነው?» አለኝ፤ «አዎ» አልኩት። አምስተኛው ሳምንት ላይ ተሸንፌያለሁ፤ ከአውቶቡስ ወርጄ ተመልሼ አየሁ። ምድጃው ጠፍቶ ነበር። ስድስተኛው ሳምንት ላይ እንደገና ጀመርኩ። አሁን አንዴ አይቼ እወጣለሁ፤ እያላበኝም ቢሆን እወጣለሁ።

ባለፈው ሳምንት እራት ላይ እናትሽ ሌላ ከተማ ሥራ እንዳገኘሽ፣ በወሩ መጨረሻም እንደምትሄጂ ነገረችኝ። የከተማውን ስም ልትጠራ አፏን ስትከፍት እጄን ዘረጋሁ።

«አትንገሪኝ።»

«ምኑን?»

«ከተማውን። የቤቱን አድራሻ። የምትሄድበትን ቀን። ብለምንሽም እንዳትነግሪኝ። እንደምለምንሽ አውቃለሁ።»

ሹካዋን አስቀመጠች። «ትችለዋለህ?»

«እንጃ» አልኳት።

በሦስተኛው ቀን ለመንኳት። «የአየሩን ጠባይ ብቻ ንገሪኝ፣ ይበርዳል ወይስ ይሞቃል?» አልኳት። «አትንገሪኝ ብለኸኛል» አለችኝ። ወጥቼ ሰፈሩን ሁለት ዙር ዞሬ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቅኩም።

ይህን ያደረግኩት ስለ አንቺ ግድ አጥቼ እንዳይመስልሽ። አድራሻሽን ካወቅኩ መንገዱን አጠናለሁ፣ የሆስፒታሉን ስልክ እፈልጋለሁ፣ አንድ ቀን ደግሞ በርሽ ላይ ቆሜ ታገኚኛለሽ። ራሴን አውቄዋለሁ፤ ያልሽኝም እሱን ነበር። አውቀህ ና ብለሽኝ ነበር፤ አወቅኩ፤ ስላወቅኩም አልመጣም። አንድ ቀን አንቺ ራስሽ «አባዬ፣ እዚህ ነኝ» ካልሽኝ ያኔ እመጣለሁ፤ በሩንም አንኳኩቼ ውጭ እጠብቃለሁ። ሳትይኝ ብትቀሪም ማክሰኞዬን አልተውም።

ሂጂ ልጄ። መልካም መንገድ።

የት እንዳለሽ ሳይጠይቅ የሚወድሽ፣
አባትሽ